የአክተሩ ትርፍ አንጀት

ሲራክ ደምሴ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ ሐኪም ቤቱ መስኮት ፊት በቆመ ጊዜ፣ መስኮቲቱ መጀመሪያ የጠየቀችው ሕመሙን ሳይሆን ድርሻውን ነበር።

«አክተር» አለ ሲራክ፣ ወለሉን እያየ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አክተር። በምን እንርዳዎ?»

ድሬዳዋ ትልቅ ትንሹን «አንተ» የምትል ከተማ ናት። እንደ አክተር ያለውን «እርስዎ» የምትለው መስኮቲቱ ብቻ ነበረች፤ ሰው ስላልሆነች ይሆናል።

«ሆዴን ነው።»

«ስንት ጥይት ነው?»

«ጥይት አይደለም። ትርፍ አንጀት ይመስለኛል። ከትናንት ጀምሮ በስተቀኝ በኩል…»

ከመስኮቲቱ ሥር ያለው መሳቢያ ተንሸራቶ ተከፈተ። ውስጡ የተቀቀለ ቢላዋ፣ አንድ ጠርሙስ አረቄና በጥርስ የሚነከስ እንጨት ነበረ።

«ትርፍ አንጀት የሚባል ጥይት አልተመዘገበም» አለች። «ቢላዋው ግን ለሁሉም ይሆናል። አረቄው ግማሹ ለቁስሉ ነው፣ ግማሹ ለእርስዎ። እንጨቱን ሲጨርሱ ይመልሱልን። ቀጣይ!»

ከኋላ የተሰለፉት በሽተኞች አጨበጨቡ። አንዷ እግሯ በጀሶ የታሰረ ሴትዮ እልልታዋን አቀለጠችው። አክተር ጥይቱን የሚያወጣው በራሱ እጅ መሆኑን የማያውቅ በድሬ ማን አለ? በዓይናቸው ሊያዩት በመቻላቸው ደስ ብሏቸዋል።

ለእንግዳ ሰው ግን ነገሩ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። «ቀይ ፎጣ» የሚባለው የደቡብ ሕንድ የታሚል ፊልም ድሬ የገባው በቪዲዮ ቤቶች ዘመን ነው፤ የዛሬዎቹ አያቶች ገና ንፍጣቸውን በእጅጌያቸው ሲጠርጉ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የወደብ ወዛደር አለ፣ ትከሻው ላይ ቀይ ፎጣ ጣል ያደርጋል። ባሕሩ የእኔ ነው የሚል ሀብታም አባቱን ያስገድልበታል፤ እሱም ፎጣውን አራግፎ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ሰው በአየር ላይ ይበራል። ወደ አማርኛ የመለሰው አንድ ሰው ነበር፤ ወንዱንም፣ ሴቷንም፣ ሕፃኑንም፣ ላሟንም ሆኖ የሚናገረው እሱው ነው። ሰውየው አንዲት የታሚል ቃል እንደማያውቅ ሁሉም ያውቅ ነበር። ቅር ያለው ግን የለም፤ የጎደለውን ከራሱ እየጨመረ አሳምሮ ይሞላው ነበርና።

«አክተር አይሞትም» የሚለው አባባል ከፊልሙም በፊት የነበረ ነው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንዱ ደንገጥ ሲል አጠገቡ ያለው «አይዞህ፣ አክተር አይሞትም» ይለዋል፤ ከዚያ የዘለለ ትርጉም አልነበረውም። ቀልዱ መቼ ደንብ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። አዋጅ አልታወጀም፣ ስብሰባ አልተጠራም። መጀመሪያ በሠርግ በኩል ገባ፤ ሙሽሮች እጅ ለእጅ ሲያያዙ ከቁጥቋጦ ኋላ አንድ ዓይነት የለበሱ ጨፋሪዎች ብቅ እያሉ ከኋላቸው መደርደር ጀመሩ። ቀጥሎ ፍርድ ቤት ገባ፤ ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ያለፈው እንዲታየው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዝም ማለት ግዴታው ሆነ። ከዚያም ቀትር ላይ ከተማዋ በሙሉ «እረፍት!» ብላ ሥራዋን አቁማ ሳምቡሳ መብላት ለመደች። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ድርሻ ታደለ። አክተር አለ፣ የአክተር ጓደኛ አለ፣ እናት፣ አባት፣ ዱርዬ አለ፣ የቀረው ሕዝብ ተራ ነው። መስኮቶችና በሮች ሰውን በድርሻው መለየት ሲጀምሩ የደነገጠ አልነበረም። ሰው የለመደውን ነገር ማሽን ሲደግመው አይደነግጥም።

ሲራክ አክተር የሆነው በፍየል ምክንያት ነው። ገና ወጣት ሳለ የደቻቱ ወንዝ ድንገት ሞልቶ መጣና ሲሻገር ወሰደው። መዋኘት አይችልም። አጠገቡ ትንሳፈፍ በነበረች ፍየል አንገት ላይ ተጠመጠመ፤ እየዋኘች ዳር ያወጣችው ፍየሏ ናት። ዳር ሲደርሱ ግን እሷ ደክማ ስለነበር አዘነላትና ትከሻው ላይ አደረጋት። ጎርፉ ከአንዱ ምግብ ቤት ያመጣው ቀይ የጠረጴዛ ልብስም አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ድልድዩ ላይ የቆመው ሕዝብ ያየው ይህንን ነው። «ኧረ ፍየሏ ናት እኔን…» ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማን ሰምቶት። በማግስቱ አውቶቡስ ሊሳፈር ፌርማታ ላይ ቢቆም ሾፌሩ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰለትም። አክተር እየሮጠ ነዋ የሚሳፈረው።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊደፍን ነው። ሲራክ ቬንትሌተር ጠጋኝ ነው፤ ድሬ ሙቀቷን ስለማትተው ሥራ አጥቶ አያውቅም። ደንበኞቹ ግን ሶኬቱን ሳይነቅሉ ነው ሥራ የሚያስጀምሩት፤ እሱን መቼም ኤሌክትሪክ ምን ያደርገዋል። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ የሚያጋራው የለም። ቤት ሲቃጠል ከእሳት አደጋ መኪና በፊት የሚጠራው እሱ ነው። ይሄዳል፣ ዳር ቆሞ እንደ ፊልሙ ቀይ ፎጣ ያራግፋል፣ የሚቃጠለው ተቃጥሎ እሳቱ በራሱ ጊዜ ይበርዳል፣ ሕዝቡም ተሸክሞት ይመለሳል።

በዚህ ሁሉ የማይለየው ሙክታር ነበር፤ አብሮ አደጉ፣ በደንቡም «የአክተር ጓደኛ»። በፊልሙ ውስጥ የአክተሩ ጓደኛ ከእረፍት በፊት ይሞታል። ስለዚህ በየቀኑ ቀትር ሲቃረብ የሰፈሩ ሰው ሙክታርን በእንባ ያቅፈዋል፣ ያጎርሰዋል፣ ይሰናበተዋል። ሐኪም እየመጣ ልቡን ያዳምጣል። እረፍቱ ሲያልፍና ሙክታር ሳይሞት ሲቀር ደግሞ «ለነገ ያርገው» ብለው ይበተናሉ። ሙክታር በዚህ አኗኗር ወፍሮ ደንድኗል።

«እኔን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያለቅሱልኝ ኖሩ፣ ወላሂ ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅም» ይል ነበር። «አንተ ደግሞ በቁምህ ታልቃለህ፣ ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። አቦ ይሄ ፊልም ተገልብጧል!»

ያን ዕለት ሲራክ ቢላዋውን ይዞ በኮሪደሩ ግድግዳ እየተደገፈ ሲወጣ ክንዱን የያዘውም ሙክታር ነው። ሁለቱንም አንዲት ወጣት ሐኪም ጎትታ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ አስገባቻቸው። ዶክተር ሐዊ ትባላለች።

«ምንም እንዳትናገር» አለችው በሹክሹክታ፤ በሮቹ ይሰማሉ። ሆዱን በሁለት ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቅ ስታደርገው ሲራክ ከመሬት ዘለለ። «ገባኝ። ትርፍ አንጀትህ አብጧል። ዛሬ ካልወጣ ይፈነዳል። ከፈነዳ ደግሞ…»

«አክተር አይ…» ብሎ ጀመረ ሙክታር፣ ከልማድ።

«ተወና አቦ! ትርፍ አንጀት ፊልም አያይም!»

«ታዲያ አንቺው ቅደጂኛ» አለ ሲራክ።

«የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ለአክተር አይከፈትም። ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ በሰው እጅ አይገፋም። ተራ መሆን አለብህ።» ዶክተር ሐዊ መንገዱን አስቀድማ አጥንታው ኖሯል። «ሁለት መውጫ አለ። አንዱ በሕዝብ ፊት ተደባድበህ መሸነፍ ነው። ሁለተኛው የእናትህ ቃል ነው። ፊልሙ መጨረሻ ላይ አክተሩ ሞቷል ተብሎ ተጋድሞ ሳለ እናቱ ‹ልጄ አይሞትም› ስትል ነው የሚነሳው። ያነሳው ቃል መጣልም ይችላል ተብሎ ተደንግጓል። እናትህ መስኮቲቱ ፊት ቆማ ‹ልጄ ይሞታል› ማለት አለባት። በዚሁ ቃል፣ በሌላ አይሆንም።»

ሲራክና ሙክታር ተያዩ። የሲራክን እናት ሁለቱም ያውቋቸዋል።

«መደባደብ ይቀላል» አለ ሲራክ።

ዱርዬዎቹ የሚገኙት ከዚራ ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነው። ሁሉም የማዘጋጃ ቤት ተቀጣሪዎች፣ ልጆች የሚያሳድጉ ጨዋ ሰዎች ናቸው። አለቃቸው ቱሉ ይባላል፤ ጠባሳው በየጠዋቱ በቀለም የሚሣል፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ግዙፍ ሰው ነው። ሲራክ ወደ ጎን ወስዶ ለመነው።

«ቱሉ፣ በፈጠረህ፣ አንዲት ጥፊ ብቻ። እኔ እወድቃለሁ፣ አንተ ትስቃለህ፣ አለቀ።»

«እሞክራለሁ አቦ» አለ ቱሉ በጣም ጨንቆት። «ግን እጄ አልለመደም። እኛ የተማርነው መውደቅ ነው።»

ሰው ወዲያው ተሰበሰበ። ዱርዬዎቹ እንደ ወጉ ሲራክን ከበው ተራቸውን እየጠበቁ ባሉበት መንጠር ጀመሩ፤ ሁለት ሆኖ መምጣት ነውር ነው። የመጀመሪያው እየጮኸ ሲመጣ ሲራክ ሕመሙ ጨምድዶት ጎንበስ አለ። ሰውየው በጀርባው ላይ አልፎ የማንጎ ጋሪ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ሲራክ ፊቱን ሲያጨማድድ አየና ገና ሳይጠጋው ሦስት ጊዜ ተሽከርክሮ ተዘረረ። ሦስተኛው «ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን እኔ ነኝ» ብሎ ከቆመበት በገዛ እጁ ወደ ኋላ ተወርውሮ ግንድ ላይ ተላተመ።

ቱሉ ብቻውን ቀረ። እጁን አነሳ። ሲራክ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ሰጠው። ከቱሉ ግንባር ላብ ሲወርድ ጠባሳው አብሮ ወረደ፤ ቀስ በቀስም ጉልበቱ እየታጠፈ ሄዶ እንደ ተፈታ ድንኳን ተጋደመ።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለ ከመሬት ሆኖ። «ልጆች አሉኝ።»

የቀረው መሸሽ ነው፤ የሸሸም ተሸነፈ፣ አክተር አይደለምና። ሲራክ ዞሮ ሮጠ። ሮጠ ማለት ግን ሊሮጥ ሞከረ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ሆዱ ውስጥ እንደ ቢላዋ ስለሚሽከረከር አንዱን እግር አንስቶ ሌላውን እስኪያስከትል ዓመት ይፈጅበታል።

«ዝግታውን እዩልኝ!» አለ አንዱ። «እዩት፣ እዩት፣ እንደ ፊልሙ በዝግታ ነው የሚሄደው!»

ይባስ ብሎ ከኋላው የቆመ ባጃጅ ጎማው ፈነዳ። ወፉ ሁሉ ከዛፉ ተነሳ። ሲራክ ሕመሙ አንገቱ ድረስ ገትሮ ስለያዘው ዞር ብሎ አላየም። ፍንዳታ ከኋላው ሆኖ ዞር ብሎ የማያይ ደግሞ ማን እንደሆነ ሕዝቡ አይነገረውም። ያን ዕለት ከዚራ ያልጮኸ ሰው ዲዳ ብቻ ነው።

እንግዲህ እናቱ ቀሩ።

እማማ ፌቨን «የአክተር እናት» ከሆኑ ወዲህ ሠርግ ያለ እሳቸው አይጀመርም፤ የፊት ወንበር የእሳቸው ነው። ሲቀመጡ እንደ ፊልሙ እናት የእጃቸውን ጀርባ ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ፤ አሁን አሁን ሲተኙም ከዚያ አያወርዱትም። ሲራክን ባዩ ቁጥር «እኔ ልሙትልህ» ይሉታል። ሲገባ «እኔ ልሙትልህ» ነው፣ ሲያስነጥስም፣ ጨው ሲያቀብላቸውም። ሲራክ በሙክታር ተደግፎ ደፍ ላይ ብቅ ሲል ያሉትም ይህንኑ ነው።

«እማ» አለ ሲራክ፣ «ነይና ሐኪም ቤቱ መስኮት ላይ አንድ ቃል ተናገሪልኝ።»

«የምን ቃል?»

«ልጄ ይሞታል በይልኝ።»

እማማ ፌቨን ከመቀመጫቸው ተነሱ። «አፍህን ያዝ! ምን ያለው ሟርተኛ ነው! ሙክታር፣ አንተ ነህ ይሄን ያስተማርከው?»

«ካላልሽ አያክሙኝም። ዛሬ ካላከሙኝ ደግሞ…»

«አትጨርሰው! አንተ አክተር ነህ። አክተር አይሞትም።»

«ፊልም ነው እኮ እማ።»

«አውቃለሁ ፊልም እንደሆነ!» ብለው ጮኹበት፤ ይህን ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አባትህን ምን አሉት? ‹አባት ነው፣ አባት መጀመሪያ ላይ ነው የሚሄደው› ብለው ጓንት እንኳ ሳያጠልቁለት ሄደ። ያን ጊዜ ተከትዬው ያልሄድኩት ለምን ይመስልሃል? አንዱ ተወሰደብኝ፣ አንዱ ግን አይወሰድም፣ ደንቡ አይፈቅድም ብዬ ነው። የሌላ ሰው እናት ልጇ ሲያመሽ እንቅልፍ ታጣለች። እኔ እተኛለሁ። በዚያች ቃል ነው የምተኛው። አሁን በገዛ ምላሴ እንድፈታት ነው የምትፈልገው?»

ሲራክ እናቱ የሚሳሱት ለፊት ወንበሩ ይመስለው ነበር። ሕመሙ አሸንፎት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ ከመቀመጥ ወደ መጋደም አለፈ። እማማ ፌቨን ያን ዘወትር ግንባራቸው ላይ የነበረውን እጅ አነሱና በልጃቸው ግንባር ላይ አደረጉት። ይፋጃል። እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አላነሱም። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና «ሙክታር፣ በዚያ በኩል ያዘው» አሉ።

ሐኪም ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የከዚራው ድብድብ ወሬ ቀድሟቸው ስለደረሰ ሕዝቡ ቀዶ ጥገናውን ሊያይ ለውዝ ይዞ መጥቷል። ሲራክን አግዳሚ ላይ አስተኙት። እማማ ፌቨን መስኮቲቱ ፊት ቆሙ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ የአክተር እናት» አለች መስኮቲቱ። «በምን እንርዳዎ?»

«ቃል ልሰጥ ነው። ስለ ልጄ።»

«እየሰማን ነው። ጣሪያውን ማየት ከፈለጉ ጊዜ አለዎት።»

«አያስፈልገኝም። ልጄ…» ብለው ቆሙ። «ልጄ፣ ያው እንደ ማንኛውም ሰው፣ ቀኑ ሲደርስ… ያርፋል።»

«ለአክተር ሲራክ ደምሴ የዓመት እረፍት ተፈቅዷል። ሌላ የምንረዳዎ አለ?»

«እረፍት አይደለም፣ አንቺ ልጅ! ያልፋል ማለቴ ነው። ያልፋል!»

«ስለ ማጽናኛዎ እናመሰግናለን። አዎ፣ ሁሉም ያልፋል።»

ከአዳራሹ አንዱ «አሜን» አለ።

«ይሸኛል» አሉ እማማ ፌቨን፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«እስከ የት ነው የሚሸኘው? መኪና ይዘዝ?»

«ወደማይቀረው ቤት!»

«አድራሻው አልተገኘም። ቀበሌውን ቢጠቅሱልን።»

ሲራክ አግዳሚው ላይ ሆኖ ጥርሱን ነክሶ ሲያቃስት ተሰማ። ሕዝቡ የትግል ድምፅ መስሎት አጨበጨበ። እማማ ፌቨን መስኮቲቱን በሁለት መዳፋቸው ያዙ።

«አፈር ስሆንልሽ ልጄ፣ ዝም ብለሽ ተረጂኝ።»

«አፈር ለመሆን ያቀረቡት ጥያቄ ለግብርና ቢሮ ተመርቷል።»

«ወይኔ! እኔ ልሙትለት! እኔ ልሙት፣ እኔው ልሙትና እሱን ልቀቁልኝ!»

መስኮቲቱ በዚህ ጊዜ ነቃ አለች። «ቃሉ ተሰምቷል» አለች። «ነገር ግን ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። የአክተር እናት ስትሞት በፊልሙ ላይ አልታየም፤ ስለዚህ ሊመዘገብ አይችልም። ቃሉን ስለ ልጅዎ መናገር ይፈልጋሉ?»

እማማ ፌቨን ያቺን ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀን ሃምሳ ጊዜ በራሳቸው ላይ ሲጠሯት ኖረዋል፤ ከብዳቸው አታውቅም። አሁን ባለቤቷ ሲቀየር ምላሳቸው ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠች። ዶክተር ሐዊ ከቀዶ ክፍሉ በር አጠገብ ጓንቷን አጥልቃ ቆማለች። በሩ ዝግ ነው። ሙክታር ጎንበስ ብሎ ሲራክን አየና «እማማ!» ብሎ ጮኸ። «እማማ፣ ቶሎ በይ፣ ከንፈሩ ነጣ!»

«ይሞታል» አሉ።

ለውዝ የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቆመ።

«ልጄ ይሞታል» አሉ እማማ ፌቨን፣ አሁን ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። «ካላከማችሁልኝ ዛሬ ይሞታል። ብታክሙልኝም አንድ ቀን ይሞታል። እኔ ነኝ የወለድኩት፣ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነው? ፊልም አይደለም የወለድኩት። ሰው ነው። ሥጋ ነው። የሚሞት ልጅ ነው የወለድኩት፣ ክፈቱለት!»

ከዚያ የገዛ አፋቸውን በመዳፋቸው መቱ። አንዴ፣ ሁለቴ። ሙክታር ሮጦ እጃቸውን ያዛቸው።

«ተመዝግቧል» አለች መስኮቲቱ። «ሲራክ ደምሴ፤ ተራ።» ወዲያውም፣ ለተራ ሰው እንደምትናገረው፣ «አንተ፣ ግባ» አለችው። በሩ ተከፈተ።

ሕዝቡ መንገድ ሊሰጥ ሲከፈል ማንም አላጨበጨበም። አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፤ አንድ ሰው ልብሱን ሲያወልቅ በድንገት እንዳየ ሰው ዓይነት። እግሯ በጀሶ የታሰረው ሴትዮ ግን እነ ሙክታር አግዳሚውን ተሸክመው በአጠገቧ ሲያልፉ እጇን ዘርግታ የሲራክን ትከሻ ነካች። «እግዜር ይማርህ» አለችው። እንዲህ ያለውን ቃል አክተር ከሆነ ወዲህ ከሰው ሰምቶ ስለማያውቅ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ጠፋው።

ውስጥ ነጭ መብራት ሥር አስተኙት። እማማ ፌቨን ከበሩ አልወጣም ብለው ጭንቅላቱ አጠገብ ቆሙ፤ ዶክተር ሐዊም የሚያስወጣቸው አንጀት አላገኘችም። መርፌውን አዘጋጀች፤ ግን ከመውጋቷ በፊት ማንኛውም ተራ በሽተኛ የሚጠየቀውን መጠየቅ ነበረባት።

«ጋሼ ሲራክ፣ የት ጋ ነው የሚያምህ?»

የሲራክ እንባ ከሁለቱም ዓይኖቹ ወርዶ ጆሮዎቹ ውስጥ ገባ።

«ምነው? በጣም አመመህ?»

«አይ» አለ፣ «ማለቴ፣ አዎ። እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ ስለማላውቅ ነው። አሁን ሆዴን ነው። ሌላውንም ልንገርሽ ወይስ ሆዴን ብቻ ነው?»

«ሌላ ደግሞ ምን አለ?» አሉ እናቱ ደንግጠው። «ደህና ነህ ወይ ስልህ ደህና ነኝ አይደል የምትለኝ?»

«አክተር ነበርኩ እማ።»

እማማ ፌቨን ሐኪሟን አዩ። ሐኪሟ መርፌውን ቀስ ብላ ወጋችውና «እስኪያደነዝዘው ትንሽ ጊዜ አለን፤ ይናገር» አለች። እማማ ፌቨን በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ የልጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ደረታቸው ላይ አደረጉት።

«ንገረኝ» አሉት። «ሁሉንም። አንዱንም እንዳትተው።»

ሲራክ ከእግሩ አውራ ጣት ጀመረ።